በሰሜኑ መስመር ፓይለትነት እንዴት ይጀመራል?

ደብረ ሲና ተወልዶ ወይም ደብረ ብርሃን ተምሮ ፓይለት ለመሆን የሚመኝ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልመዝገብ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን መልስ የሚሻ ሌላ ጥያቄ አለ። ጀማሪ ፓይለት በዚህ አገር ሥራውን የሚጀምረው የት ነው? በምን ዓይነት አውሮፕላንና በየትኛው መስመር? ይህን ያላጣራ ሰው ቤተሰቡን ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ፣ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ፣ ሥራ ፈት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

በሌላው ዓለም የተለመደው ጉዞ ከትንሽ ወደ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተው የኖርዌዩ ዊደሮ 39 መንገደኛ የሚይዙ ዳሽ 8 አውሮፕላኖችን 800 ሜትር ያህል ብቻ በሚረዝሙ መንደርደሪያዎች ላይ እያሳረፈ የሰሜን ኖርዌይን ትንንሽ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ያገናኛል። የስኮትላንዱ ሎጋንኤር ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ በተባሉት ደሴቶች መካከል የሚያደርገው በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። የተመደበለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሲሆን ነፋስ ከረዳ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። አዲስ ፈቃድ ያወጣ ወጣት እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ ጥቂት ዓመት ይሠራል፤ በነፋስና በበረዶ ተፈትኖ፣ የበረራ ሰዓቱን አጠራቅሞ ወደ ትልቁ ኩባንያ ያልፋል።

እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ራሱን ችሎ መንገደኛ በመደበኛ ፕሮግራም የሚያመላልስ «የሰሜን አየር መንገድ» የለም። ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ ላሊበላም፣ አክሱምም፣ ኮምቦልቻም የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ትንሹ አየር መንገድ ያለው ትልቁ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ኪው 400 የሚባሉት ባለ ሁለት ሞተርና ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች፣ እነሱን የሚያበሩት ካፒቴኖችና ረዳት አብራሪዎች፣ አጫጭሮቹ የአገር ውስጥ መስመሮች። ጀማሪው መጀመሪያ የሚያንኳኳው ትልቁን በር ነው፤ ከገባ በኋላ ነው ትንሹ አውሮፕላን ላይ የሚመደበው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም፤ በቀጥታ ቦይንግ 737 ላይ የሚመደብም አለ።

የዚህ አደረጃጀት ሥር ሩቅ ነው። አየር መንገዱ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ሲ-47 ነበር፤ አብራሪዎቹም አሜሪካውያን። ኢትዮጵያዊው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአዛዥነቱን ወንበር የያዙት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የፓይለት ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ አብራሪዎቹን ከውጭ ከመቅጠር ይልቅ በአመዛኙ ራሱ ሲያሠለጥን ኖሯል። ማሠልጠኛው ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የአገር ውስጡን መስመር ፎከር 50 ለዓመታት ሲያገለግል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ኪው 400 ተተካ።

«ታዲያ ሰሜኑ ለምን የራሱ አየር መንገድ አይኖረውም?» የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ ቢስበኝም አዋጭነቱን እጠራጠራለሁ። የሰሜኑ መስመር ገቢ በወቅት የታሰረ ነው፤ ገና ሲደርስ ላሊበላ፣ ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ይሞላል፤ ክረምት ሲገባ ቱሪስቱ ይሳሳል። ነዳጁም መለዋወጫውም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰላም ሲደፈርስ መስመሩ ይዘጋል። በትግራዩ ጦርነት የመቀሌ በረራ ቆሞ እንደገና የተጀመረው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ተቋረጠ። ትልቁ አየር መንገድ እንዲህ ሲሆን አውሮፕላኑንና አብራሪውን ወደ ጅማ፣ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ጂቡቲ ያዞራል። ሰሜኑን ብቻ ይዞ የተቋቋመ ኩባንያ ግን አውሮፕላኑን አቁሞ ዕዳ ይቆጥራል።

የግሎቹን ድርጅቶች መርሳት የለብንም። አቢሲንያን ፍላይት ሰርቪስን የመሰሉት እንደ ሴስና ካራቫን ባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች የቻርተር በረራ ያካሂዳሉ፤ ቱሪስት፣ የእርዳታ ሠራተኛ፣ በሽተኛ ያመላልሳሉ። የበረራ ትምህርት ቤትም አላቸው። ካራቫን ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ኮረኮንች ላይ ማረፍ ይችላል፤ አብራሪውም ሻንጣ እስከ መጫን ሁሉን ይሠራል። በሙያው አነጋገር እጅ የሚፈታበት ሥራ ነው። ችግሩ ወንበሩ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ተመራቂው ብዙ፣ አውሮፕላኑ የጣት ቁጥር።

ሌላው በር ቢሾፍቱ ያለው አየር ኃይል ነው። ከዚያ ወጥተው መንገደኛ ያመላለሱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ውትድርና ነው፤ ወደ ሲቪል ሥራ መሸጋገሪያ አድርጎ ብቻ ማሰብ ከወዲሁ ራስን ማታለል ነው።

ወደ ዋናው በር እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠልጣኝ ፓይለት የሚቀበለው በማስታወቂያ ነው። የትምህርት ደረጃው፣ ዕድሜውና ቁመቱ በየማስታወቂያው ስለሚገለጽ የዓምናውን ይዞ ዘንድሮ መከራከር አያዋጣም፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው የሚሠራው። ምዝገባው አንዳንድ ጊዜ በክልል ከተሞችም ይካሄዳል። የጽሑፍ ፈተና፣ የቃል ፈተናና የጤና ምርመራ አለ። ያለፈው ከመሠልጠኑ በፊት የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል፤ ተምሮ ወዲያው ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ አይቻልም፣ ከሄደም ክፍያ አለው። በራሱ ገንዘብ የሚማርም አለ፤ ሙሉ ሥልጠናው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። አየር መንገዱ በስሙ ስለሚወጡ ሐሰተኛ የቅጥር ማስታወቂያዎች ሲያስጠነቅቅ ኖሯል፤ «ይህን ያህል ክፈልና ላስገባህ» የሚል ደላላ ካጋጠመ በፍጹም መክፈል አያስፈልግም።

ማስታወቂያው ምንም ቢል ግን ሦስት ነገር አይቀርም፤ ጤና፣ እንግሊዝኛና የሒሳብ-ፊዚክስ መሠረት።

ስለ ጤና ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። «መነጽር ያደረገ ፓይለት አይሆንም» የሚባለው አንዱ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት የአንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት የሚጠይቀው ዓይኑ በመነጽርም ቢሆን የተወሰነውን ልክ እንዲያይ ነው። ቀጣሪው የበለጠ ሊያጠብቅ ይችላል እንጂ መነጽር በራሱ በር አይዘጋም። ቀለም አለመለየት ግን ብርቱ ችግር ነው። ከብዙ መንደርደሪያዎች ጎን የተተከሉ ነጭና ቀይ መብራቶች አሉ። አብራሪው ሲቀርብ አራቱም ነጭ ከሆኑ ከፍ ብሏል፣ አራቱም ቀይ ከሆኑ ዝቅ ብሏል፣ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ከሆኑ ልኩ ነው። ነጩን ከቀዩ ያልለየ ሰው ምሽት ላይ ከፍታውን በእነሱ ሊያውቅ አይችልም። የልብ፣ የጆሮና የነርቭ ምርመራም አለ፤ ምስክር ወረቀቱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ በየስድስት ወሩ።

እንግሊዝኛው ስድስት ደረጃ አለው፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ አራተኛው ያስፈልጋል። አራተኛ ደረጃ ያገኘ በየሦስት ዓመቱ ይፈተናል፣ አምስተኛ ያገኘ በየስድስት፤ ስድስተኛ ላይ የደረሰ ዳግም አይፈተንም። ፈተናው ስለ ሼክስፒር አይደለም። የበረራ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ከፍታ፣ አቅጣጫና የሞገድ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ አብራሪው ሰምቶ፣ ያለ ስሕተት ደግሞለት፣ ወዲያው መሥራት አለበት። በዚያ ላይ ሬዲዮው ይንሻሻል፣ ተናጋሪውም ሕንዳዊ ወይም ሱዳናዊ ሊሆን ይችላል። የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ ሰዋስው አውቆ ጆሮው ያልለመደ ከሆነ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ማዳመጥ ነው፣ ብዙ ማዳመጥ።

ሥልጠናው በክፍል ይጀምራል። የአየር ሁኔታ፣ የአውሮፕላን አካልና ሞተር፣ አቅጣጫ አያያዝ፣ የአየር ሕግ ይማራሉ፤ ሠልጣኞች «ግራውንድ ስኩል» ይሉታል። ከዚያ እንደ ሴስና 172 ወይም ዳይመንድ ዲኤ 40 ባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከአሠልጣኝ ጋር ይበራል። አንድ ቀን አሠልጣኙ ወርዶ «በል አንዴ ዞረህ እረፍ» ሲል የመጀመሪያው ሶሎ ይሆናል። የዓለም አቀፉ ድርጅት ዝቅተኛ ልክ ለግል ፈቃድ 40 ሰዓት፣ ለንግድ ፈቃድ 200 ሰዓት ነው፤ እውቅና ባለው ሙሉ ኮርስ ለተማረ የንግዱ ወደ 150 ይወርዳል። ለንግድ ፈቃድ ዕድሜ 18፣ ለከፍተኛው የአየር መንገድ ፈቃድ 21 መሙላት ግድ ነው፤ ለከፍተኛው 1,500 ሰዓትም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ፈተናውን የሚቆጣጠረውና ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ለሰሜን ሸዋ ልጅ ከሌላው ቀድሞ የሚገባው የአየር ሁኔታውና የከፍታው ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ሜዳው ያልቅና መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከዋሻው ሲወጣ ከፊቱ ገደል ነው። ብዙ ቀን ግን ገደሉ አይታይም፤ ጭጋጉ ዋሻው አፍ ድረስ ይመጣል። ሹፌሩ መብራት ያበራል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጥጉን ያያል። ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ ጋ ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሹራቡን ያወልቃል።

ይህ ጭጋግ ከየት መጣ? ከአዋሽና ከአፋር በኩል የሚነሣው ሞቃት አየር እርጥበት ይዞ ገደሉን ሽቅብ ይወጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ። አየር ወደ ላይ በወጣ መጠን ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ያዘለውን እንፋሎት መያዝ ያቅተውና ወደ ደቃቅ ጠብታ ይለውጠዋል። ሥር ያለው ሰው ደመና ብሎ የሚያየውን፣ ጫፉ ላይ ያለው ጭጋግ ይለዋል። የተራራ በረራ ትምህርት ግማሹ ይህ ነው፤ ነፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ ተራራው የሚያስወጣው ወይስ የሚያስወርደው ወገን ላይ ነኝ፣ ደመናው ውስጥ ድንጋይ አለ ወይ።

ሹፌር ጭጋግ ሲበረታ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ አውሮፕላን መቆሚያ የለውም። በዓይን እያየ የሚበር አብራሪ ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,050 ሜትር ገደማ በላይ ቢያንስ ስምንት ኪሎ ሜትር ማየት አለበት፤ ጣርማ በር ላይ በጭጋግ ቀን ስምንት ሜትርም አይታይም። ስለዚህ ሠልጣኙ የመሣሪያ በረራ ይማራል። ውጭውን እንዳያይ ዓይኑ ላይ ጋሻ ይደረግለትና ሰሌዳውን ብቻ እያየ ይነዳል። እዚያ ላይ የውስጥ ጆሮው ይዋሸዋል፤ ቀጥ ብሎ እየሄደ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይመስለዋል። ስሜቱን ጥሎ መሣሪያውን ማመን የሚማረው በብዙ ሰዓት ልምምድ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ የአየሩ ስስነት ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ በዚህ ከፍታ መኖር የሚገባው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ግን በበጋ ቀትር 25 ዲግሪ ይሆናል። ሞቃት አየር ስስ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ አውሮፕላኑ በዚያ ቀትር ከ3,200 ሜትር ከፍታ እንደሚነሣ ሆኖ ይሰማዋል፤ ቦሌ ቆሞ የጣርማ በርን አየር ይተነፍሳል ማለት ነው። ቆላ የለመደ ሰው ደጋ ሲወጣ እንደሚያለከልክ ሁሉ፣ ተራ የፒስተን ሞተርም ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከሩብ በላይ ያጣል። ክንፉም እንዲሁ፤ በስስ አየር ያንኑ ክብደት ለመሸከም መፍጠን አለበት። የፍጥነት መሣሪያው 60 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነቱ 70 ኖት እየሮጠ ነው። ስለዚህ ለመነሣትም ለመቆምም ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ፍሎሪዳ ባሕር ዳር የተማረ ፓይለት ይህን በመጽሐፍ ነው የሚያውቀው፤ እዚህ የተማረ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ያውቀዋል። ለእኔ የኢትዮጵያ ሥልጠና ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ኪው 400 ጉልበት አያንሰውም። እያንዳንዱ ሞተር 5,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል፤ ስድስት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር ያዞራል፤ ከ70 በላይ መንገደኛ ይዞ በሰዓት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ሕጉ ግን አንዱ ሞተር መነሻው ላይ ቢጠፋ በሌላው ብቻ ተራራውን መዝለል መቻል አለበት ይላል። ስለዚህ ረዳት አብራሪው ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ የመንደርደሪያውን ርዝመትና ክብደቱን አስልቶ ልኩን ያወጣል። ቀትር ላይ ልኩ ከጠበበ ጭነት ይቀነሳል። ሻንጣው በሚቀጥለው በረራ የመጣለት መንገደኛ ሠራተኞቹን ሲሳደብ ምክንያቱ አንዳንዴ ይህ ነው። የማለዳ በረራ የሚመረጥበትም አንዱ ምክንያት ያው ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጭነቱ ሙሉ፣ ሰማዩም ገና ያልተናወጠ።

ላሊበላን ምሳሌ እናድርግ። ማረፊያው 1,960 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከተማው ከማረፊያው በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ተሰቅሏል፤ ከበስተጀርባው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ይደርሳል። ከማረፊያው የሚበልጠው ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብራሪው ወደ ሸለቆው የሚወርደው በካርታ በተወሰነለት መስመርና ከፍታ ብቻ ነው። ማረፊያውን ካላየ ደግሞ ከተወሰነው ከፍታ በታች አንድ ጫማ ሳይወርድ ተመልሶ ይወጣል። «ትንሽ ብንጠብቅ ይገለጣል» እያሉ መውረድ የለም።

ባሕር ዳር ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ወፍ። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1988 ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑ በሆዱ ወርዶ በእሳት ተያያዘ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ዛሬ ጀማሪ አብራሪ ሐይቅ ዳር ያለ ማረፊያ ሲቀርብ ስለ ወፍ እንቅስቃሴ መረጃ የሚያዳምጠው ለወጉ አይደለም።

እንግዲህ ጀማሪው ፈቃዱን አግኝቶ ኪው 400 ላይ ተመደበ እንበል። ወዲያው አይበርም። የዚያን አውሮፕላን ዓይነት ትምህርት ለብቻው ወስዶ አዲስ አበባ ባለው ሲሙሌተር ውስጥ ሞተር ሲጠፋ፣ ጭስ ሲገባ፣ ጎማ አልወርድ ሲል ደጋግሞ ይለማመዳል። ከዚያ መንገደኛ በያዘ አውሮፕላን ላይ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር ይበራል፤ ይህ «ላይን ትሬኒንግ» ነው። ኪው 400 ረጅም ስለሆነ ሲያርፍ አፍንጫው ከልክ በላይ ከተነሣ ጭራው መሬት ይነካል። ስለዚህ ሲሰጥም አፍንጫ ከመሳብ ይልቅ ጉልበት መጨመር ይማራል። ክንፉና ጭራው ላይ በደመና ውስጥ በረዶ እንዳይጋገር ጠርዙ ላይ የሚነፋ ላስቲክ አለ፤ መቼ እንደሚከፈት ማወቅም የሥራው አካል ነው። እያንዳንዱን ጉዞ አንዱ ሲያበር ሌላው ይከታተላል፣ ሬዲዮ ይይዛል፣ ሲሳሳት ይናገራል። ለታላቅ መልስ አለመስጠት ጨዋነት ተብሎ ላደገ ልጅ ከባዱ ነገር መሪ መያዙ አይደለም፤ ሃያ ዓመት የሚበልጠውን ካፒቴን «ካፒቴን፣ ከፍታችን ዝቅ ብሏል» ማለቱ ነው። ሥልጠናው ይህን በግልጽ ያስተምራል፤ ዝም ያለ ረዳት በፈተና ይወድቃል።

የአጭር መስመር ሥራ ያደክማል። ማለዳ ተነሥቶ፣ ባሕር ዳር ደርሶ ተመልሶ፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ ደርሶ ተመልሶ በአንድ ቀን አራት ጊዜ መነሣትና ማረፍ አለ። አትላንቲክን የሚያቋርጠው ባልደረባው በብዙ ሰዓት አንዴ ያርፋል፤ ወንበሩንም ከሌሎች አብራሪዎች ጋር ይፈራረቃል። እጅ የሚሠለጥነው በመነሣትና በማረፍ ነውና የትንሹ አውሮፕላን ዓመታት እንደ ቅጣት መታየት የለባቸውም። በኪው 400 የሠለጠነ አብራሪ አየር መንገዱ ድርሻ ወዳለባቸው እንደ ማላዊ ወዳሉ አየር መንገዶች ሊመደብም ይችላል፤ ማላዊ ላይ ያለው ድርሻ 49 በመቶ ነው።

200 ሰዓት ብቻ የበረረ ሰው መንገደኛ ባለበት አውሮፕላን መቀመጡ ያስፈራል የሚሉ አሉ። አሜሪካ ይህን ክርክር በሕግ ዘግታዋለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 2009 የኮልጋን አየር መንገድ ኪው 400 ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው አለቀ፤ ካፒቴኑ ፍጥነቱ መውረዱን የሚያስጠነቅቀው መሪ ሲንቀጠቀጥ ወደፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ ረዳት አብራሪም በአመዛኙ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ተደነገገ። የሚገርመው ሁለቱም የዚያ በረራ አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። በኢትዮጵያው ቦይንግ 737 ማክስ አደጋም የውጭ ተንታኞች ጣታቸውን በ361 ሰዓቱ ረዳት አብራሪ አህመድኑር መሐመድ ላይ ቀስረው ነበር፤ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8,000 ሰዓት በላይ ነበራቸው፤ አደጋውን ያመጣው በአንድ ዳሳሽ ብቻ የሚመራው የአውሮፕላኑ ሶፍትዌር እንደሆነ በምርመራ ታውቋል። ሰዓት ይጠቅማል፤ ግን ሰዓቱ ምን ሲደረግበት እንዳለፈ ሳይጠየቅ ቁጥሩ ብዙ አይናገርም። አውሮፓም እንደኛው በተጠናከረ ሥልጠና ጥቂት ሰዓት ያለውን ረዳት ትቀበላለች።

ከረዳትነት ወደ ካፒቴንነት ዓመታት ይወስዳል። ባሕር ዳር የተወለደችው አምሳለ ጓሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ተምራ፣ ወደ በረራ ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ካፒቴን የሆነችበት አውሮፕላን ኪው 400 ነበር። ካፒቴን ከሆኑ በኋላም ፈተናው አያልቅም፤ በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ገብቶ መፈተን አለ፤ የወደቀ እስኪያልፍ አይበርም። በሁለት አብራሪ በሚሠራ የንግድ በረራ ላይ መሥራት የሚቻለው እስከ 65 ዓመት ነው።

አሁን ደብረ ሲና ላለው ወጣት የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ላይ ያለ ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ይበርታ፤ ዲግሪ ቢይዝ ሠልጣኝ ሆኖ ባይመረጥ እንኳ ሌላ ሥራ አያጣም፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በደጁ ነው። በግል ትምህርት ቤት ለመማር የሚያስብ ግን ቤተሰቡ መሬት ከማስያዙ ወይም ከብት ከመሸጡ በፊት የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራውን ያድርግ፤ የምርመራው ዋጋ ከሥልጠናው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፣ እዚያ ላይ የሚታይ ችግር ካለም ገንዘቡ ሳይፈስ ይታወቃል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የታደሰ ፈቃድ እንዳለው ያጣራ። ቀጥሎም ቢሮ ገብቶ የሚከተሉትን ይጠይቅ፦ ዛሬ መብረር የሚችሉ አውሮፕላኖች ስንት ናቸው? አሠልጣኞቹ ስንት ናቸው፣ ተማሪውስ? ባለፈው ዙር የገቡት 200 ሰዓታቸውን በስንት ወር ጨረሱ፣ ከእነሱስ አሁን እየበረሩ ያሉት ስንቶቹ ናቸው? ነዳጅ ወይም ምንዛሪ ሲወደድ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል ወይስ ዋጋው በውሉ ላይ የተቆረጠ ነው? መልሱን በቃል ብቻ ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ ይቀበል፤ ውሉንም ከመፈረሙ በፊት ለሕግ ባለሙያ ያሳይ።